ምክንያቱን የዘለልኩት እኔ ነኝ

ለዓመታት በየስብሰባው «ሕሊናው አላስችል ቢለው ሥራውን ጥሎ የወጣ የፖሊስ መርማሪ» እየተባልኩ ከሰው ጋር ተዋውቄያለሁ። አዳራሹ ብድግ ብሎ ያጨበጭብልኝ ነበር። እናቶች ወደ እኔ መጥተው «ተባረክ ልጄ» እያሉ ግንባሬን ስመውኛል። ጭብጨባውንም ምርቃቱንም ተቀብዬ ቤቴ ገብቼ ተኝቻለሁ። ያ መተዋወቂያ ሐሰት ነው። ከሥራዬ ያስወጣኝ ሕሊናዬ አልነበረም፤ ተቃዋሚ መሆኔም ከሠራሁት ሥራ አላነጻኝም። ጎራ ቀየርኩ፤ ሙያዬን ግን ይዤው ሄድኩ። በዚያ ሙያ አገር ቤት ሳለሁ አንድ ልብስ ሰፊ አሳስሬያለሁ፣ በስደት ደግሞ አንዲት ሴት ከሰው እንድትገለል አድርጌያለሁ። የበደልኳቸው እነሱ ብቻ አይደሉም። የሁለቱን ቃል ግን ከነ ነጥቡ አስታውሰዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝና።

የሠራሁበትን ጣቢያ አልጠራም፤ አለቆቼንም አልጠራም። ስም መጥራት ከጀመርኩ ጥፋቱ ከእኔ ትከሻ እየወረደ በእነሱ ላይ መጫኑ አይቀርም። ይህን ሳደርግ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ።

«ሕጉን አላውቀውም ነበር» ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም። ሰንዳፋ ፖሊስ ኮሌጅ ሕጉን በደንብ አስተምረውናል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለው እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ 31 በተስፋም ሆነ በማስፈራራት ቃል መቀበልን ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ይደነግጋል። ኋላም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 የሚቀጣው መርማሪውን ራሱን ነው። ኮሌጅ ሳለሁ የነበረውን ሕግ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ።

ጣቢያ ስመደብ ሌላ ትምህርት ቆየኝ። መጀመሪያ የተማርኩት ጊዜ ማግኘትን ነው። «ያልተያዙ ግብረ አበሮች አሉ፣ ቃላቸው ያልተቀበልናቸው ምስክሮች አሉ» የምትል አንዲት ማመልከቻ ከፍርድ ቤት 14 ቀን ታስገኛለች። 14 ቀኑ ሲያልቅ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ያችው ማመልከቻ ትቀርባለች። ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አምጡ ብሎ ካላገላበጠ በስተቀር ሰውየው ለወራት በእጄ ላይ ይቆያል። በእነዚያ ወራት ቤተሰቡ በር ላይ ምግብ ይዞ ይመላለሳል፣ ሥራው ይበላሻል፣ የቤት ኪራዩ ይጠራቀማል። ይህን ሁሉ ሰውየው ሳይነገረው ያውቀዋል። እኔም ማወቁን አውቃለሁ፤ ሥራዬን የሚያቀልልኝ እሱ ነበር።

በእጄ ሰው አልመታሁም። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ብዙ ሌሊት ተኝቼበታለሁ። እውነት ነው፣ አልመታሁም። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ለተረኛው «ዛሬም አልተባበረም» ብዬው እወጣ ነበር። ይህች ቃል ምን እንደምታስከትል እኔም ተረኛውም እናውቃለን። ጠዋት ስገባ ሰውየው ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ሲቸገር፣ እጁ አብጦ እስክሪብቶ መያዝ ሲያቅተው አያለሁ። ምን ሆንክ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሻይ አዝለት ነበር። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ የሚናገረውን እቀበለው ነበር። ሌሊት የሚሆነው የሌሊቶቹ ሥራ ነው፣ የእኔ ሥራ የቀን ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ይህን ክፍፍል የፈጠርኩት እኔ ባልሆንም እንዲመቸኝ አድርጌ ኖሬበታለሁ።

መዝገባችን ንጹሕ ነበር። ደርግ ግድያውን ሳይቀር በደብዳቤ ቁጥርና በማኅተም ያስቀምጥ ስለነበር፣ በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ባለሥልጣኖቹን ሲከስ ከያዛቸው ዋና ማስረጃዎች አንዱ የራሳቸው ሰነድ ነው። እኛ ያንን ችሎት እየሰማን ያደግን መርማሪዎች ነን። መዝገብ ላይ ዱላ አይጻፍም። መዝገብ ላይ የሚገኘው «ሳልገደድ በነጻ ፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ነው» የሚል መዝጊያና በየገጹ ግርጌ የተፈረመ ፊርማ ነው።

ስለ አጻጻፉ ልናገር፣ ምክንያቱም ጥፋቴ ያለው እዚያ ነው። ውሸት የሚጽፈው ጀማሪ መርማሪ ነው። ውሸት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ከምስክር ጋር ይጋጫል፣ ጠበቃ ያገኘዋል። የቆየ መርማሪ ውሸት አይጽፍም። ሰውየው በአፉ የተናገረውን ይጽፍና «ለዚህ ብዬ ነው» ያለውን ብቻ ይዘለዋል። ሰውየው የት እንደሄደ፣ ማንን እንዳገኘ፣ ስንት ብር እንደሰጠ በትክክል ይሰፍራል። ለምን እንደሄደ፣ ለምን እንዳገኘ፣ ለምን እንደሰጠ አይሰፍርም። ባዶ የቀረውን ቦታ ዐቃቤ ሕጉ በራሱ ምክንያት ይሞላዋል። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበርኩ። «የአንተ መዝገብ አይመለስም» ይሉኝ ነበር፤ በዚህም ደስ ይለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ የመጣው በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሕዝብ ላይ ተተኩሷል። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋግጧል፤ የሞቱ ፖሊሶችም ነበሩ። ወጣቱ በመኪና እየታፈሰ ደዴሳና ሸዋ ሮቢት ይጋዝ ነበር። በየጣቢያው ቦታ አልነበረም። ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ሁከቱን ገንዘብ እየሰጠ ያነሣሣው ማን እንደሆነ አግኙ።

ሰውየው ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ነበሩ። በጥቅምቱ ተኩስ አንድ የጎረቤት ልጅ ሞተ። የእድሩ ድንኳን በሌላ ሟች ቤት ተተክሎ ስለነበር ከቤት ወደ ቤት ዞረው ገንዘብ ሰበሰቡና፣ ድንኳንና ወንበር ተከራይተው እንዲያመጡ ለሰፈሩ ልጆች ሰጧቸው። ጥቆማው እዚህ ጋ ነው የመጣው፤ ለወጣቶች ብር ሲያድሉ ታይተዋል ተባለ። የተናገሩት ቃል ይህ ነበር፦ «ከቤት ወደ ቤት ገንዘብ ሰብስቤ ለሰፈሩ ወጣቶች የሰጠሁት ለሟቹ ልጅ ለቅሶ ድንኳንና ወንበር እንዲከራዩበት ነው፤ የእድራችን ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ነበርና።» እኔ የጻፍኩት ቃል ደግሞ ይህ ነው፦ «ከቤት ወደ ቤት ገንዘብ ሰብስቤ ለሰፈሩ ወጣቶች ሰጥቻለሁ።»

እድሜ ልካቸውን የእድር ቃለ ጉባኤ የጻፉ ሰው ናቸው፤ ሳያነቡ መፈረም አልሆነላቸውም። መነጽራቸው ግን ሲገቡ ከቀበቶና ከጫማ ክር ጋር ተወስዶ ንብረት ክፍል ተቀምጧል። ወረቀቱን ፊታቸው ሳስቀምጠው ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ መነጽሬን አስመጣልኝና አንብቤ ልፈርም» አሉኝ።

«ምን ታነባለህ? የተናገርከውን ነው የጻፍኩት። ፈርም» አልኳቸው።

የአባቴ እኩያ ናቸው። እሳቸው «ልጄ» ሲሉኝ እኔ «አንተ» ነበር የምላቸው። ንብረት ክፍሉ በዚያው ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። መነጽሩን ለማምጣት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ዱላውን ለሌሎች ትቼው ኖሬያለሁ፤ መነጽሩን የከለከልኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ፈረሙ። ፊርማቸው መስመሩን ስቶ በጽሑፉ ላይ ወጣ። ሁለተኛውን ገጽ ሲፈርሙ ቦታውን በጣቴ አሳየኋቸው።

ፍርድ ቤት የሆነውን በሌላ ባልደረባ በኩል ሰማሁ። ቃሉ ሲነበብላቸው «ለለቅሶ ነው ያልኩት» ብለው ጮኹ። ፊርማው የማን ነው ተብለው ተጠየቁ። «የእኔ ነው» አሉ። ከዓመት በላይ ታስረው ነው የተፈቱት። ሲወጡ የልብስ መኪናቸው ተሸጧል፣ የሱቃቸውም ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው።

አሁን ደግሞ ለምን እንደወጣሁ ልናገር፤ ይህንንም ለዓመታት ዘልዬዋለሁ። በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታፍሶ ደዴሳ ተወሰደ። እህቴ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔ ላይ ታች ብል፣ የማውቀውን ሁሉ ብለማመጥ ልጁን ማስፈታት አቃተኝ። ይባስ ብሎ አለቃዬ በሌላ ዐይን ያየኝ ጀመር፤ መዝገቦቼን ሌላ ሰው እንዲያያቸው ተደረገ። ሥራውን በደንብ ስለማውቀው በእኔ ላይም መዝገብ እየተከፈተ መሆኑ ገባኝ። የዓመት ፈቃድ ወስጄ በሞያሌ ወጣሁ። ልጁ በዚያ ሳምንት ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። ይህን ዛሬም ደጋግሜ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አይለወጥም፤ እቀር ነበር።

ናይሮቢ ስደርስ ከአገር ቤት የወጣ የፖሊስ መርማሪ ማግኘት ለተቃዋሚው ትልቅ ነገር ነበር። ጉዳዩን ለማወቅ የጓጉ ሰዎች ተሰበሰቡ። ስለ እስሩ፣ ስለ ግርፋቱ፣ ስለ ትእዛዙ ነገርኳቸው፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ሁሉንም ግን «ያደርጉ ነበር» እያልኩ ነበር የማወራው። «አደርግ ነበር» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። አጠገቤ የነበረ ወንድም «እና አንተ እምቢ አልካቸው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ትሕትና አድርገው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ እምቢ ያለው መርማሪ ሆንኩ።

የአጣሪ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ሪፖርቱን እንድንለውጥ ጫና ተደረገብን ብለው ተሰደዱ፤ ኮሚሽኑ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ 8 ለ 2 ድምፅ መስጠቱንም ለዓለም ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች የያዙትን እውነት አንለውጥም ብለው ነው የወጡት። በየመድረኩ «እንደ እነ ፍሬሕይወት» እየተባለ የእኔም ስም አብሮ ሲነሣ አንድ ቀን እንኳ «የለም፣ እኔ እንደ እነሱ አይደለሁም» አላልኩም።

የስደተኛ ጉዳዬን ያየችው ሠራተኛ ቃሌን ስትቀበል የደረሰብኝን እስከ ዛሬ አልረሳም። በአስተርጓሚ ረጅም ሰዓት አወራን። ስንጨርስ የጻፈችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምራ አስነበበችልኝ። በየመካከሉ እየቆመች «ያልከው ይህን ነው? የሚጨመር አለ?» ትለኝ ነበር። የአባቴን ስም አንድ ፊደል ተሳስታ ስለነበር ሰርዛ ከጎኑ ፈረመች፤ እኔንም አስፈረመችኝ። ሰንዳፋ የተማርኩት ይህን ነበር፤ ሲሠራበት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። በመጨረሻ «በሌላ ሰው ላይ ግፍ ፈጽመህ ወይም በግፍ ተባብረህ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ «አላውቅም» አልኩ። ይህን ጽሑፍ ያነበቡት ጠበቃ ይህ መስመር እንዲወጣ መክረውኛል። መዘዙን አስረድተውኛል፣ ገብቶኛል። መስመሩ ግን አይወጣም።

አሜሪካ ገብቼ በዋሽንግተን አካባቢ ባለ የተቃዋሚ ድጋፍ ማኅበር ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። በሙሉ ልቤ ነው የሠራሁት፤ ትግሉን አምኜበት ነበር፣ አሁንም አልጸጸትበትም። በብርድ ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ለእስረኛ ቤተሰብ ገንዘብ አሰባስቤያለሁ። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ሲወጣ ሬዲዮ ላይ ቀርቤ 14 ቀን የነበረው ጊዜ ቀጠሮ 28 ቀን መሆኑ፣ እስከ 4 ወር መዝለቁም ለተያዘው ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስረድቻለሁ። በ14ቱ ቀን ምን ይሠራ እንደነበር ግን አልተናገርኩም።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ሁለተኛውን በደል የፈጸምኩት። በማኅበራችን የምንነጋገረው ነገር እየወጣ ኤምባሲ ይደርሳል ተባለ። አባላት እርስ በርስ መፈራራት ጀመሩ። «አንተ ባለሙያ ነህ፣ ሰርጎ ገቡን አግኝልን» አሉኝ። ባለሙያ መባሉ ደስ አለኝ። በዚያው ሰሞን አንዲት አባላችን ኤምባሲ በር ላይ ታየች የሚል ወሬ መጣ። ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና የምትሠራ፣ መዋጮ አንድ ወር ያላቋረጠች ሴት ናት።

ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ጠራኋት። ከሥራ ወጥታ ነበር የመጣችው፤ ዐይኗ ቀልቷል። መጀመሪያ ሻይ አዘዝኩላት። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ መቼ ሄድሽ፣ ማንን አገኘሽ፣ ስንት ሰዓት ቆየሽ፣ ለማን ተናገርሽ። ስትደክም ዝም እላለሁ። ዝም ስትል ወረቀቱን አገላብጣለሁ። ሁለት ሌሎች አባላት አብረውኝ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ወደ ሌሊቱ ሲቃረብ «በቃ ትሂድ» ቢልም «ትንሽ ጠብቅ» አልኩት። ከአዲስ አበባው ክፍል የቀረ ነገር ቢኖር የሌሊቱ ተረኛ ብቻ ነው።

የነገረችኝ ይህ ነው። እናቷ አገር ቤት በጠና ታመዋል፣ ለሕክምና ቤቱ መሸጥ አለበት፣ ቤቱ በእሷ ስም ነው። ለወንድሟ ውክልና መላክ ነበረባት። ውክልና ደግሞ ኤምባሲ ሳይረጋገጥ አገር ቤት እንደማይሠራ በስደት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሄደች፣ ከፈለች፣ ማኅተም አስመታች፣ ወጣች። ከቦርሳዋ የክፍያውን ደረሰኝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አየሁት፤ መልሼ ሰጠኋት። «ወደ ኤምባሲው ሄጄ ሠራተኞችን ማነጋገሬን አምናለሁ» ብዬ ጽፌ አስፈረምኳት።

በቀጣዩ ስብሰባ ያንን ዓረፍተ ነገር ቆሜ አነበብኩ። ስለ እናቷ አልተናገርኩም፣ ስለ ውክልናው አልተናገርኩም፣ ስለ ደረሰኙም አልተናገርኩም። እሷ ለመናገር እጇን ስታወጣ አዳራሹ አጉረመረመባት። ከማኅበሩ ተሰረዘች። የመጣው ግን ከዚያ የባሰ ነበር፤ ከእቁቧ ወጣች፣ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፣ እናቷ ሲያርፉ ለቅሶ የደረሳት ሰው ጥቂት ነው። እኔ አልሄድኩም። ምስጢሩም መውጣቱን አላቆመም፤ እሷ ከሄደች በኋላም እንደ ድሮው ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ተነሥቼ ተሳስቻለሁ አላልኩም። ለምን ቢባል፣ እሷን ነጻ ባደርግ ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ማን ነህ?» እንዳይለኝ ፈራሁ።

ታኅሣሥ 2001 ላይ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ዳግመኛ ታሰሩ። በ1999 ዓ.ም. ከሌሎቹ የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር በይቅርታ ሲፈቱ የፈረሙት ሰነድ እንዴት እንደተፈረመ ስዊድን ውስጥ ለደጋፊዎች በመናገራቸው ነው። ያሉትን እንዲያስተባብሉ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፤ በይቅርታው የቀረላቸው የዕድሜ ልክ ፍርድ ተመለሰባቸው፣ እስከ መስከረም 2003 ድረስም ታሰሩ። እኛ በዋሽንግተን ብርድ ሰልፍ ወጣን። ድምፅ ማጉያውን ይዤ አንድ ሰው የፈረመው ወረቀት እውነቱን እንዳይናገር ማፈኛ ሊሆን አይገባም እያልኩ ጮኽኩ። የዚያች የፓርኪንግ ሠራተኛ ፊርማ ያለበት ወረቀት በዚያ ሰዓት በቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እንደነበረ አውቅ ነበር። እየጮኽኩ እንኳ ትዝ ብሎኝ ነበር።

2010 መጣ። የማዕከላዊ ምርመራ እስር ቤት ተዘጋ፣ እስረኞች ተፈቱ፣ የተሰደዱ ተመለሱ። ሰኔ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቀርበው ሰውን ጨለማ ቤት ማሰርና ማሠቃየት የራሱ የመንግሥት የሽብር ሥራ እንደነበር ተናገሩ። በማግስቱ ጓደኞቼ እየደወሉ «እንኳን ደስ ያለህ፣ የደከምክበትን አየህ» አሉኝ። ማዕከላዊ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ለሕዝብ እይታ ሲከፈት የቀድሞ እስረኞች በየክፍሉ እየቆሙ የደረሰባቸውን ሲናገሩ በቴሌቪዥን ተከታተልኩ። አንዱ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ ሌላው የተኛበትን ቦታ ያሳያል። ሁሉንም ሰማኋቸው። በዚያ ሁሉ ምስክርነት ውስጥ ወንበሩ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ይጽፍ የነበረ አንድም ሰው ድምፅ አልሰማሁም። የሉም ማለት አይደለም፤ ብዙ ነን። አንዳንዶቻችን ፓርቲ ውስጥ ነን፣ አንዳንዶቻችን ነጋዴ ሆነናል፣ አንዳንዶቻችን የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴ ነን። ብዙዎቻችን ተበዳይ መስለን ተቀምጠናል። ሥርዓቱ ሲወድቅ ሁላችንም ከሥርዓቱ ውጭ የነበርን ሆነን ተገኘን። የተገረፈው ሰው እየማለና እየተገዘተ ማስረዳት ያለበት እኛ ዝም ስላልን ነው። ቃሉ እንዴት እንደተጻፈ የምናውቀው እኛ ነን።

ልብስ ሰፊውን ለመፈለግ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዘግይቻለሁ። አርፈዋል። ሴት ልጃቸውን በሰው በሰው አግኝቼ ደወልኩላት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ይቅርታ ብላት መልስ እንድትሰጠኝ ማስገደድ መሰለኝ። የሆነውን ብቻ ነገርኳት፣ የመነጽሩንም ነገርኳት። «አባዬ እስኪሞት ድረስ ሳላነብ ፈረምኩ እያለ ነበር» አለች። «እኛ ግን እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ እንጠራጠር ነበር። ምናልባት ገንዘቡን ለሌላ ነገር ሰጥቶት ይሆናል እንል ነበር። እርስዎ አሁን የነገሩኝን በጽሑፍ ይስጡኝ። ለታናሾቼ ላሳያቸው።» ስልኩን ዘጋችው።

የራሳቸው ልጆች ተጠራጥረዋቸዋል። እስሩን ሳስብ፣ የተሸጠውን መኪና ሳስብ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። የዘለልኩት ምክንያት ፍርድ ቤት ውስጥ ብቻ የቀረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቤታቸው ድረስ ገብቶ ከልጆቻቸው ጋር ማዕድ ቀርቧል። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ላክሁላት፣ እዚህም እደግመዋለሁ። ገንዘቡ ለለቅሶ ነበር። እንዲህ ብለው ነግረውኛል፣ አምኛቸዋለሁ፣ ድንኳኑ መተከሉንም ሌላ ምስክር አረጋግጦልኝ ነበር። የምስክሩን ቃል ከመዝገቡ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዛሬም በየጣቢያው ወጣት መርማሪዎች ቃል ይቀበላሉ። መንግሥት ቢለወጥም ቅጹ ያው ነው። ከእነሱ አንዱ ይህን ቢያነብ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም፤ የሰውየውን «ለምን» በሙሉ ጻፍለት፣ ጽፈህ አንብብለት፣ መነጽሩን አምጣለት። ይህን ማድረግ ሥራ አያስጥልም። እኔ አለማድረጌን ማንም አላስገደደኝም።

የፓርኪንግ ሠራተኛዋ ያለችው እዚሁ ከተማ ነው። ደብዳቤ ጻፍኩላት፣ አልመለሰችም። እንደገና ጻፍኩ። ባለፈው ወር ራሷ ደወለች።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችኝ። «ለምን እንደሄድኩ እኔ አውቀዋለሁ። ያነበብክላቸው ሰዎች ናቸው የማያውቁት። ለእነሱ አንብብ።»

ማኅበሩ ዛሬ ስሙን ቀይሮ የመረዳጃ ማኅበር ሆኗል። ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ሄጄ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እንድናገር ለመንኳቸው። «ወንድማችን፣ ያለፈ ነገር ቀስቅሰህ ሰው አታጣላ» አሉኝ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከደረሰኙ ታሪክና ከመሳቢያዬ ካለው ወረቀት ቅጂ ጋር፣ ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ለነበሩት እያንዳንዳቸው እልካለሁ። የተሰብሳቢዎቹ የስም ዝርዝር አለኝ፤ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ጥቂቶቹ ሞተዋል፣ ጥቂቶቹ አገር ቤት ገብተዋል፣ ሌሎቹ በየስቴቱ ተበትነዋል። አድራሻቸውን እየፈለግሁ ነው።